ኩላሊቴን ብዬ የገባሁበት ምርመራ

በዚያ ቀን ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ባለቤቴ፣ ሁለት ነፍሰ ጡሮች፣ የሽንት ፊኛቸውን ሊታዩ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ፣ ነርሷና ሐኪሙ ነበሩ። ስምንተኛው እኔ ነበርሁ።

ያመጣኝ ብልቴ ላይ የወጣው ነገር ነው። ለወራት ከቆዳው ሥር እንደ ጠጠር የደደረውን እብጠት በጣቴ እየዳሰስሁ፣ ሲቆም እየጎበጠ ሲያመኝ፣ ነቀርሳ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። መኝታዬንም ለይቼ መጻሕፍቴ መካከል አድር ነበር። ለባለቤቴ ግን «ኩላሊቴን ነው» አልኋት፤ ለካርድ ክፍሏ ሠራተኛም ያንኑ ደገምሁ። ስለዚህ ለአልትራሳውንድ ብለው አራት ብርጭቆ ውኃ አጠጥተው ሽንቴን እንድይዝ አዘዙኝ።

«ውኃ ጠጥተን ከእርጉዞች ጋር ተሰለፍን እኮ፤ ወንድ ይሁን ሴት ይነግሩናል እንግዲህ» አሉኝ ሽማግሌው።

«መንታ እንዳይሆን ብቻ፣ አባባ!» አለች አንዷ ሆዷን ይዛ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልቻልሁም።

ተራዬ የመጨረሻው ነበር። ሐኪሙ ቀዝቃዛውን ቅባት ጎኔ ላይ አፍስሶ መሣሪያውን አዟዟረ። «ኩላሊትዎ ንጹሕ ነው፣ ጋሼ። ይነሡ።»

አልተነሣሁም። ብነሣ ፍርሃቴን ይዤ ልሞት ነው። ዓይኔ ግን ነርሷ ላይ ነበር። ሐኪሙ አስተዋለኝ።

«ሲስተር፣ እነዚህን ውጤቶች ለካርድ ክፍል አድርሺልኝ።»

በሩ ሲዘጋ፣ ዕድሜዬን በቃላት መካከል የኖርሁት ሰው አንድ ቃል አጣሁ፤ በጣቴ አመለከትሁ። እርሱም አነስ ያለውን መሣሪያ አነሣ። ስክሪኑ ላይ አንድ ነጭ መስመር፣ ከሥሩም ጥቁር ጥላ አየሁ። ሐኪሙ ደጋግሞ ለካው።

«ነቀርሳ ነው?»

«አይደለም። ጠባሳ ነው፣ ጋሼ። የውስጡ ሽፋን ተጎድቶ ሲሽር ደርቋል፤ ነጩ እንደ ድንጋይ የጠጠረው ክፍል ነው። የሚያጎብጠው እርሱ ነው።»

«ይድናል?»

«እንደ ቀድሞው ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። አይገድልዎትም ግን። ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

ልብሴን አስተካክዬ ከአልጋው ወረድሁ።

ስወጣ የምሳ ሰዓት ደርሶ መተላለፊያው ባዶ ሆኗል፤ የካርድ ክፍሉ መስኮትም ተዘግቷል። ባለቤቴ ከአግዳሚው ብድግ አለች።

«ኩላሊትህን ምን አሉህ?»

«ኩላሊቴ ደኅና ነው። ሕመሙ ሌላ ቦታ ነው፤ ዋሽቼሽ ነበር።»

ፊቷ ላይ ደም አልቀረም። እጇን ይዤ አስቀመጥኋት፤ ከጎኗ ተቀመጥሁ። የሚሰማን ሰው ካለ ብዬ ግራ ቀኝ አየሁ። የቀረነው ሁለት ነበርን።