የኮራሊ የመዳብ ጎላ

አክስቴ ኮራሊ ሰው በጠጣበት ብርጭቆ አትጠጣም። አይፈረድባትም፤ ከአሥር ዓመቷ ጀምራ በመንደራችን በነበረው ሚሲዮን የመዳብ ጎላ የካህናቱን የውስጥ ልብስ ስትቀቅል ነው ያደገችው። ሚሲዮኑ ሲዘጋ ሌላው ሰው አልጋና ወንበር ሲሻማ እሷ ጎላውን ተሸክማ መጣች። «ላቤ ነው» አለች። በሎሚና በአሸዋ እየፈተገች ፊት የሚያሳይ አደረገችው። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያጥወለውለኛል። የስንት ሰው እድፍ የተንተከተከበት ዕቃ እኮ ነው!

ዘንድሮ በዝናቡ ወር ወንድሟ ባዝል ታመመ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በሻይና በቂጣ ብቻ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ድዱ አብጦ ይደማል፣ እግሩ በልዟል፣ የአፉ ሽታስ አይወራ። እኔ የምሠራበት ክሊኒክ ሐኪም ቫይታሚን ሲ አልቆበት ነው ብላ ኪኒን ሰጠችው። ተፋው።

«የአባቶቼን ጉቢንጅ ስጡኝ!» አለ።

ጉቢንጅ እንደሆነ ጫካውን ሞልቶታል፤ ያቺ አረንጓዴ ፍሬ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን በብዙ እጥፍ ታስንቃለች። ኮራሊ በየማለዳው ለቀመችለት። ጉንዳን የሄደበትን ጥሬ ማቅረብ ግን ቀፈፋት፤ በጎላዋ እስከ ቀትር ትቀቅለው ጀመር። ስድስት ሳምንት ሙሉ አጠጣችው። ሁለት ጥርሱ ወለቀ።

ሁለተኛው በወለቀ ማግስት ቤቷ ብሄድ ጎላው ውስጥ ቡናማ አተላ ይፈላል።

«አክስቴ፣ በዚህ ነው የምትቀቅዪው?»

«በምን ልቀቅለው ታዲያ፣ በባርኔጣዬ?»

ተናደድኩ። ሐኪሟ ያስተማረችኝን እንዳለ ነገርኳት። ቫይታሚን ሲ በሰውነት ውስጥ የሚነሳውን ቃጠሎ የሚያበርደው ከራሱ አንዲት ኤሌክትሮን ሰጥቶ ነው። ያኔ ራሱ ጎዶሎ ይሆናል፤ ራዲካል ይሉታል። ሁለት ጎዶሎዎች ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ይድናል፣ ሰጪው ባዶውን ይቀራል። ባዶው ቶሎ ካልታደሰ ይፈርሳል፤ ከፈረሰ ወዲያ መመለስ የለም። መዳብና አየር ደግሞ በትኩሱ ሲረዳዱ ቫይታሚኑን ገና ጎላው ውስጥ እያለ ይጨርሱታል። ያ የሚያብረቀርቅ ጎላ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

«ታዲያ ወንድሜን ምን ሳጠጣው ከረምኩ?» አለች።

«እጣቢ።»

ጎላው ውስጥ ተፋችበት። ጥሬ ጉቢንጅ በቀሚሷ ቋጥራ ወደ ባዝል ቤት ስትገሰግስ ተከተልኳት። በረንዳው ላይ ተኝቷል። ያጠፋችውን ምንም ሳትደብቅ ነገረችው። ደም በሞላው አፉ ሳቀ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጣዕሙ ሳንቲም ሳንቲም ይል ነበር» አላት።

«አንተ ሽማግሌ! ታዲያ ምን አስጠጣህ?»

«አንቺ ቀድተሽልኝ እንዴት እምቢ ልበል፣ እታለም?»

ኮራሊ ፊቷ ተቀያየረ። እሱ በዚያ ድድ ማኘክ አይችልምና አንድ ፍሬ አፏ ውስጥ ከተተች፣ አላመጠች፣ ያላመጠችውን መዳፏ ላይ ተፋች። ከዚያ በጣቷ እየጠቀለለች በዚያ በሚሸት አፍ ውስጥ አገባችለት። ፊቴን አዞርኩ።

ባዝል ዋጠና «ድገሚኝ» አላት።