ስድስት ሰው የሚያስተኛ ድንኳን

ልጆቼ ወንጪ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን እንድናድር ሲለምኑኝ ከወር በላይ ሆኗቸው ነበር። ሆቴል እንያዝ ብላቸው አሻፈረን አሉ። የትምህርት ቤት እረፍት ሲቃረብ ተሸነፍኩና ድንኳን ልገዛ መርካቶ ለመውረድ ተነሣሁ። ጫማዬን ሳስር አባቴ ኮቱን ለብሶ ከክፍሉ ወጣ።

«ድንኳን ብቻሽን አትገዢም» አለኝ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ የሚኖረው ከእኛ ጋር ነው። ጉልበቱን ስለሚያመው የመርካቶን ግፊያ ይችለዋል ብዬ አላሰብኩም። ግን ስለ ድንኳን ከተነሣ ከእሱ የሚበልጥ አዋቂ በቤታችን አልነበረም። ዕድሜውን የጨረሰው በመንገድ ሥራ ነው፤ ከቀያሾች ጋር ሜትር እየጎተተ፣ ችካል እየተከለ፣ በየበረሃውና በየጫካው ድንኳን ውስጥ እያደረ። በልጅነቴ ድንኳን ማለት አባቴን የሚወስድብኝ ነገር ነበር። በዓመት ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ይመጣል። ፀሐይ አጥቁሮት፣ እንደ እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል። ገና ሳንለምደው ተመልሶ ይሄዳል። ያሳደገችኝ እናቴ ብቻ ናት ብዬ ነው የኖርኩት። ይህን ፊት ለፊት ነግሬው አላውቅም፤ እሱም ስለ ሥራው አጫውቶን አያውቅም።

ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ከታክሲ ወርደን በእግር ወደ ሶማሌ ተራ ዘለቅን። በሰው መሀል እንዳይገፉት እጁን ልይዝ ስል እሱ ቀድሞ የእኔን ያዘ።

መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ባለቤት ፈጣን ሰው ነበር። አንድ ክብ ከረጢት ከመደርደሪያ አውርዶ ከፈተና ሱቁ በር ላይ ወረወረው። ድንኳኑ እንደ ጃንጥላ በአንዴ ተዘረጋ። ሰማያዊ ነው፣ መስኮት አለው፣ ሲያዩት ያምራል።

«እህት፣ ኦርጅናል ነው። ስድስት ሰው ያስተኛል» አለኝ።

እኛም ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆችና አባቴ። እኔ በበኩሌ ወስኜ ጨርሼ ነበር። አባቴ ግን ጎንበስ ብሎ ስፌቱን ገለበጠና ወደ ብርሃን አነሣው። መርፌ ያለፈበት ሁሉ እንደ ወንፊት ያበራል። ከዚያ ወለሉን በአውራ ጣቱ አሻሸና የያዝኩትን የውኃ ጠርሙስ ተቀብሎኝ ስፌቱ ላይ አንጠባጠበበት።

«አባባ፣ የሚገዙት ድንኳን ነው ጀሪካን?» አለ ነጋዴው። በአጠገቡ የቆሙት ሳቁ።

አባቴም አብሯቸው ሳቀ። «ልጄ፣ ዝናብ የሚያስገባ ድንኳን ያው ጀሪካን ነው» አለው። ይህን ሲል ውኃው በወዲያኛው በኩል መንጠብ ጀመረ።

እኔ አፈርኩ። «አባዬ፣ ለሁለት ቀን እኮ ነው፣ ምን አለበት?» ብዬ በጆሮው ሹክ አልኩት። አልተቆጣኝም፣ ከነጋዴውም ጋር አልተከራከረም። አመስግኖት ወጣ፤ እኔም እያጉረመረምኩ ተከተልኩት።

የጭነት መኪና ሸራ ወደሚሰፋበት መንደር ወሰደኝ። እዚያ አንድ ወሎዬ ሽማግሌ ጥቁር የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው ሰፊ ሸራ ይሰፋሉ። አባቴ ሰላምታ ሰጥቶ ስድስት ሰው የሚያስተኛ ድንኳን እንዲሰፉልን ጠየቃቸው። ሽማግሌው እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ።

«ለምንድን ነው የምትፈልጉት?»

«ልጆች ይዘን ወንጪ ልናድር» አልኳቸው።

«በምን ትሄዳላችሁ?»

«በቤት መኪና።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኔ ሸራ ለሠርግና ለለቅሶ ነው፣ ልጄ። ጠንካራ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ግን ዝናብ ከጠጣ አራት ጎረምሳ አያነሣውም። እኔ ብሰፋላችሁ ደስ ይለኛል፤ እናንተ ግን ትቸገራላችሁ።»

በእጁ ሥራ የሚኖር ሰው ሥራ ሲመልስ እንዲህ በቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር። ይህም አልበቃ ብሏቸው ምን መግዛት እንዳለብን ተቀምጠው አስረዱን። ልብሱ ድርብ ይሁን፣ የውስጡ አየር የሚያስወጣ፣ የላዩ ዝናብ የሚመልስ። ወለሉ እንደ ሳፋ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ የታጠፈ ይሁን። ስፌቱ ከውስጥ በፕላስቲክ የታሸገ መሆኑን እዩ። «ደግሞ ስድስት ሰው ካለ አራት ነው። ስምንት የሚለውን ፈልጉ» አሉን። አባቴ በየመሀሉ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ይላል። ሁለቱን ሳይ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ይመስሉ ነበር። በመጨረሻም ዕቃዋን የሚያምኑላትን አንዲት ነጋዴ ጠቆሙን።

የሴትዮዋ ሱቅ ፎቅ ላይ ነው። ስምንት ሰው ይይዛል የተባለ አረንጓዴ ድንኳን አወጣችልን። አባቴ ስፌቱን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ውኃውን አፈሰሰበት። ውኃው ተንከባሎ ወረደ። አሁንም አልበቃውም።

«ሳይተከል አልገዛም» አለ።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ሱቁን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ወደ ሕንፃው ጣሪያ ወሰደችን። አባቴ ሲተክል እንዳግዘው አልፈቀደም። ዘንጎቹን በእጁ መዘናቸው፣ አጋጠማቸው፣ ሰካቸው። ካስማ ሲሚንቶ ላይ ስለማይገባ አውታሮቹን ከወዳደቀ ብሎኬት ጋር አሰራቸው። ምሳቸውን ሊበሉ ጣሪያው ላይ የወጡ ሁለት ተሸካሚዎች ነበሩ፤ ልኩን እንድናይ ገብተው እንዲተኙልን ለመናቸው። እኔ፣ አባቴ፣ ነጋዴዋና ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተጋደምን።

«እዚህ ቤት ኪራዩ ስንት ነው?» አለ አንደኛው ተሸካሚ። ሴትዮዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

እነሱ ሲወጡ አባቴ አልተነሣም። እኔም አጠገቡ ቀረሁ። ጣሪያውን እያየ፣ «የእኛ ድንኳን እንዲህ ቢሆን ካርድሽ አይበላሽም ነበር» አለ።

«የምን ካርድ?»

«ሦስተኛ ክፍል አንደኛ የወጣሽበት። እናትሽ በሹፌር ላከችልኝ። ትራሴ ሥር አድርጌው ክረምቱ ገባበትና ቀለሙ ሄደ። ስመጣ ምን ይዤ ላሳይሽ? አፍሬ ዝም አልኩ።»

ያን ዓመት ሲመጣ ስለ ካርዴ አንድ ቃል ሳይናገር መሄዱን አልረሳሁትም ነበር። ለብዙ ዓመት ቂም አድርጌ የያዝኩት ነገር ነው። ራሴን ክንዱ ላይ አስደገፍኩ።

«ታዲያ አንደኛ መውጣቴን አንብበኸው ነበር?»

«ካምፑ ውስጥ ያላነበበው ሰው አልነበረም» አለኝ።

ድንኳኑን ገዝተን ስንመለስ በሽማግሌው ዘንድ አለፍን። ላመሰግናቸው ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ከረጢቱን ከፍተው ስፌቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «በሰላም እደሩበት» ብለው ወደ ስፌታቸው ዞሩ።

ወንጪ በደረስንበት ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ስድስታችንም ገባን። ዝናቡ ላይ ላዩን ሲደበድብ ትንሿ ልጄ ጆሮዋን ያዘች፤ አባቴ ግን ጋቢውን ተከናንቦ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንቅልፍ ወሰደው፣ ማንኮራፋትም ጀመረ። ልጆቹ በዝናቡ ሳይሆን በእሱ ተገረሙ። በሩ ጋ ዚፑን እኔው ሳልዘጋ ረስቼ አንድ ፍራሽ ረጠበ እንጂ ሌላ ጠብታ አልገባም። ዳቦና ሻይ ተካፍለን፣ ተጠጋግተን ተቀመጥን። በልጅነቴ ያጣሁት ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። አባቴ ከልጆቼ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ ሳየው ግን ተመስገን አልኩ፤ ለእሱም፣ ለእነዚያ የመርካቶ ሰዎችም።

በማግሥቱ ስንመለስ ባለቤቴ ይነዳል፣ ልጆቹ ከኋላ ተደጋግፈው ተኝተዋል። አባቴን የትኞቹን መንገዶች እንደሠራ ጠየቅኩት። በሕይወቴ ስጠይቀው የመጀመሪያዬ ነበር። መጀመሪያ በአጭሩ መለሰልኝ። ቀጥሎ ስለ አንድ ድልድይ ጀመረ፣ ከድልድዩ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ አብሮት ወደሚያድረው ምግብ አብሳይ። አዲስ አበባ ገብተን በራችን ላይ ስንቆም ባለቤቴ ሞተሩን አጠፋ፤ ከመኪናው የወረደ ግን አልነበረም። አባቴ ገና የጅማን መንገድ ታሪክ አላጋመሰም ነበር።