አራት ምሶሶ በነሐስ ሳጥን ውስጥ

የቁስቋሙ አንጥረኛ ወልደኢየሱስ በሃምሳ ሁለት ዓመት ዕድሜው አንድም ቀን መንታ ዕቃ ሠርቶ አያውቅም። መስቀል ቢሉት፣ ጸናጽል ቢሉት፣ የበቅሎ ጌጥ ቢሉት፣ ከእጁ የወጣ ሁሉ አምሳያ የለውም። አባቱ ሙያውን ሲያስተምረው «እጅህ ራሱን ከደገመ ደንዝዟል ማለት ነው» ብሎት ነበርና ይህችን ቃል እንደ ዳዊት ነው የያዛት። አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማች ቄሶች አንድ ዓይነት ጸናጽል ሥራልን ብለው ቢመጡ፣ አንዱን ሰፊ አንዱን ጠባብ አድርጎ ሠራላቸው። ጠባቡ ለወፍራሙ ቄስ ደረሰ፤ ቁስቋም ከዳር እስከ ዳር ሳቀ!

ሥራው ግን ዓመት ከዓመት እየሳሳ ሄደ። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ነው፤ በመኪና እየተጫነ የሚመጣው የፋብሪካ ዕቃ ገበያውን አጥለቅልቆታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደጁን ያንኳኳ ሥራ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱም የተሰነጠቀ ደወል መጠገን። ይህን ያየው የሚስቱ ወንድም አለበል፣ ማክሰኝት ላይ የእህል መጋዘን ያለው ሰው፣ በመጣ ቁጥር ይነዘንዘዋል።

«ና መጋዘኔን ጠብቅ። ወንበር አለ፣ ካፖርት አለ። ምን ይጎድልሃል?»

«መዶሻ» ይላል ወልደኢየሱስ።

«ለአይጥ መግደያ እሰጥሃለሁ!»

ይሳሳቃሉ። ሳቁ ግን የአፍ ነበር። ሚስቱ ሸዋገነት ቁርጡን ነግራዋለች፤ እስከ ጥምቀት ሥራ ካልመጣ ወናፉ ተሽጦ ወደ ማክሰኝት መሄድ ነው።

ለጥምቀት ስድስት ቀን ሲቀረው አንድ ወጣት አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ይዞ ከደጁ ቆመ። ክንዴ ይባላል፤ ከከተማው በላይ፣ ጉብታው ላይ በተተከለው የስልክ ጣቢያ ቴክኒሺያን ነው።

«አያ ወልደኢየሱስ፣ በነሐስ ላይ እጅዎ ሸጋ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«ይህች ምንድን ነች?»

«ማጣሪያ።»

«የጠላ?»

«የሞገድ!» አለ ክንዴ እየሳቀ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦም አስረዳው። የሰው ወሬ በሽቦ መሄዱ ቀርቶ በአየር እየተወነጨፈ ነው ደባርቅ የሚደርሰው። አየሩ ላይ ግን የስንቱ ሞገድ ይተራመሳል፤ የራስን ለይቶ የሚያስገባ፣ የሌላውን ከደጅ የሚመልስ በረኛ ያስፈልጋል። የውጭ አገሩ ማጣሪያ ክንድ ይሞላል፤ ማሽኑ ውስጥ የተረፈው ቦታ ደግሞ አንድ ስንዝር ብቻ ነው። ስለዚህ ክንዴ ራሱ አንዲት አጭር ሳጥን ሠርቶ፣ ውስጧ አራት አጫጭር ምሶሶዎች አቆመ። ምሶሶዎቹ የሚወዱትን ሞገድ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበሉ ያሳልፋሉ፤ ሌላው እዚያው ይቀራል።

«ታዲያ ምን ሆነች?»

«ቅርብ ያለውን ትከለክላለች፣ አያ። በጣም ከፍ ብሎ ግን፣ ከዋናው ሞገድ ሦስት እጥፍ ግድም ላይ፣ ሌላ በር ትከፍታለች። ጎረቤታችን ያለው የሙከራ ጣቢያ ሞገድ በዚያ ሾልኮ እየገባ ስልኩን ሽንኩርት እንደሚጠበስበት ድስት ያንጫጫዋል። ነሐስ ሆና ጥርት ብላ ብትሠራ ይዘጋ ይሆናል። ምሶሶዎቹ ብቻ ፍጹም መንታ ይሁኑ! ሐሙስ መርማሪ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ከተሳካ አሥራ ሁለት ሳጥን እናዝዝዎታለን።»

አሥራ ሁለት! ወልደኢየሱስ ቁጥሩን ሲሰማ መንታ የሚለው ቃል በጆሮው አልፎ ሄደ። «እሺ» አለ።

ሥራው ላይ ሲቀመጥ ነው ጉዱ የመጣ። የመጀመሪያውን ምሶሶ ራስ እንደ ጉልላት አሾለው። ሁለተኛውን እንደዚያው ሊያደርግ ጀመረና እጁ በራሱ መንገድ ሄዶ እንደ መሶብ ክዳን ደፋው። ሦስተኛው እንጉዳይ ሆነ። አራተኛውማ ቁልጭ ያለ የሽንኩርት ራስ! ቀና ብሎ ሲያይ የቀረ ነሐስ የለም፣ የቀረ ቀንም የለም። ክዳኑን ገጥሞ በየደው። ከየምሶሶው አናት በላይ፣ ክንዴ በሥዕል እንዳሳየው፣ አንዳንድ ማስተካከያ ብሎን አስገባ። ውስጡን ማን ያየዋል?

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችው ሸዋገነት።

«ጭሱ ነው።»

ሐሙስ ጠዋት የመጋዘን ጥበቃውን መልስ ሊቀበል የመጣው አለበል ራሱ ወልደኢየሱስንና ክንዴን በጭነት መኪናው ይዞ ጉብታውን ወጣ። መንገዱ ያነጥራል፤ ሳጥኗ በወልደኢየሱስ ጭን ላይ ትዘላለች፤ ኅሊናውም አብሮ ይዘላል። መጨረሻ ላይ አልቻለም።

«ክንዴ፣ ምሶሶዎቹ ወንድማማች ናቸው እንጂ መንታ አይደሉም።»

«ምን?»

«አንዱም አንዱን አይመስልም።»

«ምነው አያ! ምነው! ሌላ ምን ለመንኩዎት?»

አለበል መሪውን እየመታ ሳቀ። «ካፖርቱ ይለካ በለኛ!»

መርማሪው አቶ ዳኛው፣ ባለመነጽር ቀጭን ሰው፣ ቀድመዋቸው ደርሰው ሰዓታቸውን ያያሉ። መመለሻ የለም። ክንዴ በላብ ተጠምቆ ሳጥኗን ገጠማት። የሙከራው ማሽን ሞገድ ሲልክ፣ የሚያልፈውን የሚለካው መርፌ ንቅንቅ አላለም። ወልደኢየሱስ ዓይኑን ጨፈነ። ክንዴ አንዱን ብሎን ጠለቅ፣ ሌላውን ወጣ፣ ሦስተኛውን ገና ነካ ሲያደርገው መርፌው ተነሣ። አራተኛውን ሲያዞር ተወርውሮ ቆመ።

«ዋናው አለፈ» አለ ክንዴ በሹክሹክታ። «አሁን ወደ ላይ።»

ሞገዱን ከፍ አደረገው። መርፌው ተኛ። የቆርቆሮዋ ሳጥን በሯን ከምትከፍትበት ቦታ ደረሰ፤ መርፌው ተኝቷል። አለፈው፤ አሁንም ተኝቷል። ክንዴ የመርፌውን መስታወት በጣቱ ኳ ኳ አደረገ።

«ማሽንህ ሞተ እንዴ?» አሉ አቶ ዳኛው።

ክንዴ በነሐሷ ቦታ ቆርቆሮዋን ገጠመ፤ መርፌው እዚያችው ቦታ ላይ ዘለለ። ነሐሷን መለሰ፤ ተኛ። ሦስት ጊዜ አመላለሳቸው።

«በሩ የት ገባ?» አለ ክንዴ።

«ያ ላይኛው በር» አለ ወልደኢየሱስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንደ ደወል ቀጭን ድምፅ ይሆን?»

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ደወል ከዋናው ድምፁ ሌላ ከላይ ቀጭን ድምፅ አለው። አራት መንታ ደወል ከሰቀልክ ቀጭኑንም አብረው ይጮኹታል። ቅርጻቸው የተለያየ ከሆነ ግን ሞርደህ በዋናው ድምፅ ብታስማማቸውም፣ በቀጭኑ እያንዳንዱ የየራሱን ነው የሚል። እኒህንም አንተ በብሎን በዋናው አስማማሃቸው። በላይኛው ግን አንዱ ልክፈት ቢል ሦስቱ ይዘጉበታል።»

አቶ ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ይኸን ማን አስተማረህ?»

«እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው ጌታዬ።»

ክንዴ በሳቅ ፈነዳ፤ አያ ወልደኢየሱስን አቅፎ አነሣው። መርማሪው የአሥራ ሁለቱን ሳጥን ትእዛዝ እዚያው ፈረሙ፤ የምሶሶው ራስ እንደ ሠሪው ፈቃድ ይሁን ብለውም ጻፉበት። አለበል እንኳ ኮፍያውን አወለቀ። «በል ወናፍህን ንፋ! እኔ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ክንዴ የስልኩን እጀታ ለወልደኢየሱስ አስያዘው። በሕይወቱ ነክቶት አያውቅም። ከወዲያ የሴት ድምፅ መጣ። «ደባርቅ ነው፤ ማን ልበል?»

ወልደኢየሱስ እግሮቹን ከፈተ፣ ደረቱን ነፋ፣ ሸለቆ አሻግሮ እንደሚጣራ ሰው፣ «ወልደኢየሱስ ነኝ! የቁስቋሙ! ይሰማሻል ወይ?» አለ።

«ኧረ አባቴ፣ ጆሮዬን! አጠገቤ የቆሙ ያህል ይሰማል!»

«የሚንጫጫ ነገርስ አለ?»

«አለ እንጂ» አለች ልጅቱ እየሳቀች፤ «እርስዎ።»