ባዮሳይድን የተረጎምሁበት ቅዳሜ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዶራቪል ከተማ ባለው የሐበሻ ሱቅ ጓዳ የተገኙት እነዚህ ነበሩ፦ ባለሱቋ፣ ከሳሙና አምራቾች ማኅበር የተላከ፣ ከእንግሊዝኛ በቀር የማያውቅ ባለከረባት እንግዳ፣ አንድ ዲያቆን፣ በሆስፒታል ጽዳት የምትሠራ ሴት፣ ከኢስት ፖይንት የመጡ አራት ሾፌሮች፣ እና አስተርጓሚው እኔ። ዘጠኝ ነበርን።

ጀርም ገዳይ ሳሙና የሚያመርቱ ኩባንያዎች ሳሙናቸው ከተራው እንደሚሻል፣ ቆዳም እንደማይጎዳ በማስረጃ እንዲያሳዩ የሚያስገድድ ደንብ ሊወጣ ነው። ማስረጃ ያልቀረበበት ከመደርደሪያ ይወርዳል። ማኅበሩ ደንቡ እንዲቀር ፊርማ ያሰባስባል። ባለሱቋ ደግሞ ጓዳዋን በዚሁ ሳሙና እስከ ጣሪያው ሞልታዋለች፤ ስለዚህ የምታውቀውን ሰው ሁሉ ጠርታ እኔንም «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ዝም አይበሉብኝ» ስትል ለመነችኝ።

በሰው ፊት መናገር ከተውሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ምክንያቱን እዚህ አላነሣም። አፌን ከከፈትሁ ግን በንጹሕ አማርኛ ልከፍተው ቆርጬ ነበር። እንግዳው «ባዮሳይድ» ባለ ጊዜ ቃሉን እንዳለ ማሳለፍ አሳፈረኝና ከሥሩ ፈታሁት፦ ፊተኛው ክፍል ነፍስ፣ ኋለኛው ገዳይ።

«ማኅበራችን» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ለብዙ ዘመን ነፍሰ ገዳዮችን እስከ ቤታችሁ ሲያደርስ ቆይቷል።»

እንግዳው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ወጥ ቤታችሁም የልጆቻችሁም ክፍል ያለ ነፍሰ ገዳይ አይጸዳም። አሁን ግን መንግሥት ሊቆጣጠራቸው ተነሥቷል። እንዳይቆጣጠራቸው ትፈርሙ ዘንድ እንለምናለን።»

ዲያቆኑ አማተበ።

«ሰውየው ግን አይሸፋፍንም» አለ ከሾፌሮቹ አንዱ። «ሌላ ቢሆን ደብቆ ነበር ሳይን የሚያስደርገን።»

«እኔ ፓርክ ያደረግሁት በር ላይ ነው» አለ ሁለተኛው፤ «ልውጣ እንዴ?»

ባለሱቋ ክንዴን ያዘች። «ጋሼ፣ ምን እያሉ ነው? ሳሙና እኮ ነው።»

ስሕተቴ ያን ጊዜ ገባኝ። ይቅርታ ጠይቄ «ጀርም ገዳይ ማለቴ ነው» ብዬ አቀናሁት። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እንግዳውም ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን አልሳቀችም። የተላላጡ መዳፎቿን ዘርግታ «በተራ ሳሙና ከመታጠብ ይበልጣል ወይ? ይጠይቁልኝ» አለች።

ጠየቅሁት። ስለ ነጻ ገበያ፣ ስለ ቤተሰብ ምርጫ፣ ስለ አያቱም ጭምር ረጅም መልስ ሰጠ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አላውቅም ይላል» አልሁ።

«ይህን ሁሉ ተናግሮ?» አለ ዲያቆኑ።

«በእንግሊዝኛ ሲሆን ይረዝማል።»

ሴትዮዋ ለፊርማ የተሰጣትን ብዕር ለባለሱቋ መለሰችላት። «እቴ፣ ለአንቺ ስል ብፈርም ደስ ባለኝ፤ እጄን ግን ምን ልበለው?» ብላ ወጣች። ሾፌሮቹ ተከተሏት። ዲያቆኑም የፊርማውን ወረቀት እንደ ተኛ ውሻ ዞሮት አለፈ።

ባለሱቋ ካርቶኖቹን ቀና ብላ አየች። «አሁን ይህን ሁሉ ማን ይታጠብበታል?» አለች። እንግዳው ስብሰባው መልካም ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ወረቀቱን አንሥቼ ሰጠሁት። ከዘጠኛችን ሦስት ቀርተን ነበር፤ ከሦስታችንም የፈረመች እርሷ ብቻ ነበረች።