ጫካ የገባው የእድር ድንኳን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ተራራ ላይ ልታድርበት የገዛችውን ድንኳን ሳሎን መሃል ዘረጋችው። እንደ ጃንጥላ ተፈናጥሮ ራሱን ችሎ ቆመ። «አባዬ፣ እስቲ ግባና ሞክረው» አለችኝ። ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ጉልበቴ ብቻ አይደለም። ሰው ቤትና አልጋ እያለው ወዶና ፈቅዶ ጫካ ሄዶ መሬት ላይ የሚተኛበት ምክንያት እስከ ዛሬ አይገባኝም። እኔ የተኛሁት ይበቃኛል።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ በደን ቴክኒሻንነት ተቀጥሬ ሚዛን ተፈሪ ተመደብኩ። ሥራችን ከሸኮ በላይ ያለውን የመንግሥት ደን ዙሪያውን እየሄዱ ወሰኑን ምልክት ማድረግ ነበር። ለዚህ ጫካው ውስጥ መስፈር ያስፈልጋል። ድንኳን ከአዲስ አበባ ይላክላችኋል ተባልን፤ ጠበቅን። ክረምት ገባ። እዚያ አገር ዝናቡ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ መለየቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ድንኳኑ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ቤት ያከራዩኝ ሰው ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሚዛን ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍተው የቀሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ነበሩ። የሰፈሩ እድር ንብረት ጠባቂም እሳቸው ናቸው። የለቅሶው ድንኳን፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በእሳቸው ቁልፍ ስር ነው፤ ያለ ኮሚቴው ፈቃድም አንድ ጭልፋ አይወጣም። አንድ ቀን መላ አጥቼ ስቆዝም አይተውኝ ወጣ ብለው ቆይተው ተመለሱ።

«የእድሩን ድንኳን ውሰዱ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሰው ቢሞትስ?»

«ማን ይሞታል? በሰፈሩ አንድም የታመመ የለም።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም። ለካ የቆዩት ቤት ለቤት እየዞሩ «እንዴት ናችሁ፣ ጤናችሁ እንዴት ነው?» እያሉ ኖሯል። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ደግነት ሲይዘው ሞትንም ቀጠሮ የሚያስይዘው ይመስለዋል።

ድንኳኑን ጫካው ውስጥ ስንተክለው በገጀራ መንገድ የሚጠርግልን ታደሰ፣ የሸኮ ሰው ነው፣ ዙሪያውን አይቶ «ማን ሞቶብን ነው?» አለ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ብዙ የሳቅን አይመስለኝም። ዝናቡ ሸራውን ቀኑን ሙሉ ይደበድበዋል። ልብሳችን አይደርቅም፤ እርጥቡን ለብሰን እንወጣለን፣ እርጥቡን አውልቀን እንተኛለን። አልቅት በካልሲ ውስጥ ይገባል፤ ገብረ ጉንዳን ሲመጣ ደግሞ ቤቱን ለቀንለት ዝናብ ላይ እንቆማለን። ምግባችን የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ነበር። ደስ የሚለኝ አንድ ነገር ቢኖር የረገጥነው ኮረሪማ ሽታ ነው፤ ድካም ባይኖርብኝ ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር። ወጣት ነበርኩ፣ ግን እንደዚያን ጊዜ አርጅቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጋሽ ወልዴ ከዛፎቹ መሃል ብቅ አሉ። የክት ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው።

«ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ አረፉ» አሉ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

«ታመው ነበር እንዴ?»

«አልታመሙም! እሱ አይደል የሚያናድደኝ! ትናንት ከገበያ ገብተው ጎመን ሲቀነጥሱ ነው ዘንበል ያሉት።»

ቀብሩ የዚያኑ ቀን ከሰዓት ነበር። እሳቸው የመጋዘኑ ቁልፍ ጠፋኝ፣ ልፈልግ ብለው በማለዳ በተገኘው መኪና ሸኮ ደርሰው፣ ከዚያ ሽቅብ በእግራቸው ወጥተዋል። ድንኳኑ እንደሌለ ገና ማንም አያውቅም።

«ለቀብር መልስ ካልደረሰ ከእድሩ መባረሬ ነው» አሉ። «እዚህ አገር ዘመድ የለኝም፤ ዘመዴ እድሩ ነው። ከተባረርኩ እኔን ማን ይቀብረኛል?»

የቡድናችን መሪ አቶ በቀለ ድንኳኑን አዩ፣ ደመናውን አዩ። «እኛስ የት እንደር?» አሉ። የመጀመሪያውን ገመድ ግን ራሳቸው ፈቱት።

ውሃ የጠጣ ሸራ ክብደቱን የተሸከመው ያውቀዋል። በረጅም እንጨት አንጠልጥለን ታደሰ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወረድን። ጋሽ ወልዴ ከጎን ጫፉን ይዘው ያገዙ ይመስላቸዋል እንጂ ይጎትቱን ነበር። ሥሩ ያደናቅፋል፣ ጭቃው ያንሸራትታል፤ ትከሻዬ የእኔ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ እሳቸው የወደቀ ግንድ ላይ ቁጭ አሉ።

«ይቅር፤ ተዉት» አሉ። «ዕድሜ ልኬን የሰው ድንኳን ስተክል ኖርኩ። ደከመኝ።»

«ጋሼ፣ በእግዜር ይነሱ» አልኳቸው። «እኔም ከተቀመጥኩ አልነሳም።» አይተውኝ ተነሱ። ያዘኑልኝ ይመስለኛል።

መንገዱ ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ አሳፈረን። ሚዛን ስንደርስ ግን ዘግይተን ነበር። የእድሩ ወጣቶች የመጋዘኑን ቁልፍ ሰብረው ባዶውን አይተዋል። ከቀብር የተመለሰው ለቀስተኛ ከላይ ላስቲክ ተወጥሮለት፣ ያልበቃው የሙዝ ቅጠል ይዞ፣ ካፊያ ላይ ተቀምጧል። መኪናው ሲቆም ሁሉም ዞረ። የእድሩ ዳኛ ተነስተው መጡና ቅጠልና ጭቃ የለበሰውን ሸራ፣ ቀጥለውም ጋሽ ወልዴን አዩ። «ትከሉት» አሉ። ሐዘን ቤት ፀብ የለም።

እስከ ሰልስቱ ድረስ ስለ ነገሩ የተናገረ ሰው አልነበረም። ጋሽ ወልዴ ውሃ ያመላልሳሉ፣ ንፍሮ ያዞራሉ፣ አግዳሚ ያስተካክላሉ። ሲበሉ እንኳ ቆመው ነበር፤ የመቀመጥ መብት ይኑራቸው አይኑራቸው አላወቁማ። እኔ ወገቤ አልታጠፍ ብሎኝ ጥግ ይዤ አያቸው ነበር፤ አንጀቴን በሉት።

ድንኳኑ ተነስቶ ሐዘንተኞቹ ቤት ከገቡ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። እኔም ነገሩ ስለሚነካኝ በር ላይ ቆምኩ። አንዱ ይባረር አለ፤ ሌላው ሕግ ሕግ ነው አለ። ዳኛው ሁሉንም አስጨርሰው «ወልዴ፣ ቁልፉን አምጣ» አሉ። ጋሽ ወልዴ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወደ በሩ ዞሩ።

«ወዴት ነው?» አሉ ዳኛው። «ቁልፉን አልን እንጂ አንተን ሂድ ያለህ ማን ነው? ቦታህ ተቀመጥ።»

ተቀመጡ። ፊታቸውን በኮታቸው እጅጌ ሸፍነው እንደ ልጅ አለቀሱ። ያን ጊዜ ነው ድካሙ እኔንም የለቀቀኝ።

በቀጣዩ ዓመት ወደ ሌላ አገር ተዛወርኩ፤ ኑሮም አራራቀን። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሚዛን የቀረ የሥራ ባልደረባዬ ደውሎ የጋሽ ወልዴን ሞት ነገረኝ። ቀብራቸው ካለፈ ሰንብቷል። ምን ታመው ነው ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው ሌላ ነበር።

«ድንኳን ተተከለላቸው?»

«ምን ማለትህ ነው?» አለኝ ግራ ገብቶት። «አንዱ ሰዉን አልበቃ ብሎ ከሌላ እድር ተውሰን ሁለት ነው የተከልነው።»

አሁን ልጄ ተራራዋ ላይ ናት፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ሰው እዚህ ዕድሜ ሲደርስ የተሸከመውን ይቆጥራል፤ ሥራ፣ ቤተሰብ፣ የሰው ነገር። አብዛኛውን የት እንዳወረድኩት እንኳ አላስታውስም። ያ እርጥብ ሸራ ግን የት እንደወረደ አውቃለሁ። ዘግይቶም ቢሆን፣ ጭቃ ለብሶም ቢሆን፣ ሰው ወዳለበት ነው ያወረድነው።