ሰይፍ የሌለው ሰው መፍጠር

ቅዳሜ ከሰዓት ኡራኤል አካባቢ ካለ ካፌ ፎቅ ላይ አራት ሆነን እንጫወታለን። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ ራሳቸው የፈጠሩትን ሰው ሆነው ይናገራሉ፤ ነገር ሲከብድ ዳይስ ይወረወራል። መሪው እኔ ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ የሰው ሪፖርት ሳርም ስለምውል ቅዳሜዬን ማንም እንዲያበላሽብኝ አልፈልግም።

ያበላሹብኝ ግን ነበር። ሌሎቹ ሁለት ወንዶች፣ አንዱ የኬሚስትሪ መምህር ሌላው የባንክ ሠራተኛ፣ ሁልጊዜ የሚፈጥሩት ያንኑ ሰው ነው፤ ሰይፍ የታጠቀ፣ ቤተሰቡ ያለቀበት፣ በቀል የጠማው። ስሙ ይቀየራል እንጂ ሰውየው ያው ነው። አንድ ቀን ምርር ብሎኝ፣ ከአሁን በኋላ መሣሪያ የያዘ ሰው ይዞ የሚመጣ ካለ እኔ የለሁበትም አልኳቸው። ሰውየው ማንን መምታት እንደሚችል ሳይሆን ማን እንደሚፈልገውና ምን እንደሚፈራ ንገሩኝ አልኩ።

አራተኛዋ ተጫዋች ካዛንቺስ ተወልዳ ያደገች ፋርማሲስት ናት። በሳምንቱ የእድር ጡሩምባ ነፊ ፈጥራ መጣች፤ ሰው ሲሞት በየደጁ እየዞረ የሚለፍፍ ሽማግሌ። የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛዋ አሮጊት ጆሮዋ እንደደከመ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ያውቃል። መምህሩ ሳቀባት። ሽፍታ ሲመጣ ጡሩምባ ሊነፋበት ነው ወይ አላት።

ልክ እንደዚያው አደረገች። ሽፍቶች መንደሩን ሲከቡ ሽማግሌው ቤት ለቤት ዞረ፤ እያንዳንዱን በር በምን ቃል እንደሚያስከፍት አንድ በአንድ ነገረችን። መንደሩ ነቅሎ ሲወጣ ሽፍቶቹ ሸሹ። ዳይስ እንድትወረውር እንኳን አልጠየቅኳትም። ቀናሁባት።

ሽማግሌው ምን ይፈራል ስላት ግን ከጨዋታው ወጣች።

"ቀባሪ ማጣት" አለች። "ማለቴ፣ ፍርሃቱ የአባቴ ነው። ሞቱን አይደለም የሚፈራው፣ የሚያውቀው ሰው ሳይቀብረው እንዳይቀር ነው።"

አባቷ ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈራቸውን ሰው ሲቀብሩ የኖሩ ናቸው፤ ዝናብም ሥራም ከቀብር አስቀርቷቸው አያውቅም። በዚያው ሰሞን ሰፈሩ እንደሚፈርስ ተነገረ። ሰዉ በከተማው ዳር ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበተነ፣ እድሩም ድንኳኑን ሸጦ ፈረሰ። እሷ ወላጆቿን ይዛ አንድም የሚያውቁት ሰው የሌለበት ብሎክ ገባች። የብሎኩ ሰዎች መጥተው እድር ግቡ ሲሏቸው አባትየው እምቢ አሉ። እኔ እድር አለኝ፣ የማያውቀኝ ሰው አይቀብረኝም አሉ። ይህን ስትነግረን በሰውየው ተናደድኩ፤ ግትርነታቸው መዘዙ ለእሷ እንደሚተርፍ ታይቶኝ ነበር።

በክረምቱ ሞቱ። እሷ የቀብሩን ሰዓት በድሮው ሰፈር የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈች። ከሥሩ "ነፍስ ይማር" ተደረደረ። አንዱ ከጎተራ፣ አንዱ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ አንዱ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ጻፈ። የመጣው ግን ጥቂት ዘመድ ነው። አስከሬኑን የሚሸከም ትከሻ ሲያንስ እኔና መምህሩ ገባን። በሕይወት እያሉ አይቻቸው አላውቅም። የፈሩት ይህንኑ ነበርና ተሸክሜያቸው ስሄድ አፈርኩ።

ከቀብር መልስ ብሎኩ ግቢ ውስጥ በተከራዩት ድንኳን ተቀመጥን። ከፊት ካለው አንድ መደዳ በቀር ወንበሩ ባዶ ነው። እናትየው ዓይናቸው ደክሟል፤ ወደ እኛ ዞረው የማን ልጆች እንደሆንን ጠየቁን።

መምህሩ ቀደመኝ። ከካዛንቺስ ነን፣ ከእድሩ፣ አላቸው። ያ ከሰይፍ ሌላ መፍጠር አቅቶት የነበረ ሰው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቤት ፈጠረ፣ አባት ፈጠረ፣ አባቱንም የቀበሩለት ሟቹ እንደሆኑ ነገራቸው። ልጅቷ አጠገባችን ቆማ ትሰማ ነበር። አንገቷን ደፋች እንጂ አላረመችውም።

የእናትየው ፊት ፈታ አለ። "ሌሎቹስ?" አሉ።

"እየመጡ ነው እማማ" አልኳቸው። "መንገድ ተዘግቶባቸው ነው።"

ልጃቸውን ጠሩና፣ ሰው መጥቶ እንዳይቆም ወንበር ይጨመር አሉ። ተነሥተን የተደራረቡትን የፕላስቲክ ወንበሮች እያላቀቅን መደርደር ጀመርን።