ልብስ ሰፊው ወንድሜ የሰፋው ተርኪ

ታላቅ ወንድሜ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፋ ኖሯል። መርፌ ከያዘ ማንንም አይሰማም፤ እኔ ታናሽ እህቱ ስናገርማ ለግድግዳ እንደመናገር ነው።

ያን ቀን ሴት ልጁ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ልትሄድ ነው፤ ለሦስት ዓመት። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ልትበላ ትመጣለች፣ ስምንት ሰዓት ላይ መኪና ይወስዳታል። እናቷ ከሞተች ወዲህ የምግብ ቤት ምግብ እየገዛ ነው ያሳደጋት። «አንድ ቀን እንኳ የእጄን ትቅመስ» ብሎ ተርኪ የሚሉትን ግዙፍ ዶሮ መሳይ ወፍ ገዛ። እንቁላል መጥበስ የማይችል ሰውዬ፣ ሕፃን ልጅ የሚያክል ተርኪ!

ጠዋት ስደርስ በረዶው በቅጡ ያልለቀቀውን ተርኪ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ ሆዱን በሽንኩርትና በዳቦ ጠቅጥቆ ይሰፋል። መርፌው አልገባ ሲለው በመቀስ እጀታ ይገፋዋል። ስፌቱ ደግሞ ሲያምር! ለሙሽራ የሰፋው ሱፍ እንኳ እንዲህ አላማረም።

«ጋሼ፣ በረዶው ሳይለቅ?»

«እሳቱ ያቀልጠዋል።»

«ክሩስ? ናይለን እኮ ነው!»

«አይበጠስም። አንቺ ስለ ክር ምን ታውቂያለሽ?»

ወይ ጉድ! ኦቭኑን ከፈትኩለት። ምን ላድርግ?

አምስት ሰዓት ላይ ናይለኑ ቀልጦ ዳቦው ትሪው ላይ ተዘረገፈ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ? ቤቱ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተ። ቆዳው ጠቁሯል፤ ጭኑን በቢላ ስወጋው ግን ቀይ ውሃ ወረደ። እሳቱ ቢጨመር ያርራል፣ ቢቀነስ አይደርስም። ወንድሜ ኦቭኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ በመስታወቱ እያየ «ቶሎ በል እንጂ!» ይላል፤ ተርኪውን! አንጀቴን በላው። ልጮህበት የመጣሁት ሴትዮ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ልጅቷ ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰች።

«ምንም አይደል አባዬ፣ እጠብቃለሁ» አለች።

ሦስታችንም ኦቭኑን እያየን ጠበቅን። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከደጅ ክላክስ ተሰማ።

«አሥር ደቂቃ ብቻ ጠብቅ በይው» አላት።

«አባዬ፣ አውሮፕላን እኮ ነው።»

አቅፋ ሳመችውና ወጣች። እሱ የኦቭን ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ መኪናው እስኪታጠፍ ደጅ ቆሞ አየ። ተመልሶ ኦቭኑን አላጠፋም። እኔም አጥፋው ማለት አቃተኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ተርኪው በሰለ። ያረረውን ቆዳ ገፎ ከጭኑ ቆረጠልኝና ዓይን ዓይኔን እያየ «እንዴት ነው?» አለኝ።

ይጣፍጣል። እግዜር ያውቃል፣ ምነው ባልጣፈጠ አልኩ በሆዴ።